ቆጠራው «ተነስ» አለኝ፣ እማማ «ቁጭ በል» አሉኝ

ሁለት ሳምንት ሙሉ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ባለችው ክፍሌ፣ ቬንትሌተር ሥር ተጋድሜ ለሃያ አንድ ጨዋታ ካርታ መቁጠር ተማርኩ። ከባድ አይደለም። ከ2 እስከ 6 ያለ ካርታ ሲወጣ አንድ ትደምራለህ። አሥር፣ ሥዕል ወይም አስ ሲወጣ አንድ ትቀንሳለህ። 7፣ 8 እና 9ን እንዳላየ ታልፋለህ። ቁጥሩ ከፍ ካለ ትልልቆቹ ገና ውስጥ ናቸውና ደፈር ብለህ ታስይዛለህ። ከዜሮ በታች ከወረደ ተነስተህ ውልቅ ነው። ኤድዋርድ ቶርፕ የሚባል አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1962 ቆጥሮ ማሸነፍ እንደሚቻል በመጽሐፍ ጽፎ የካዚኖዎችን እንቅልፍ ነስቷል።

እኔ ካዚኖ የለኝም። ያለኝ ከዚራ የሚገኘው የጋሼ በረንዳ ነው።

ጋሼ ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኛ ናቸው። ሃያ አንድን እስከ ዛሬ በፈረንሳይኛ «ቫንቴኧን» ነው የሚሉት። የምናስይዘው የባቢሌ ለውዝ ነው። የልጅ ልጃቸው መሃል ላይ ካፒታሌን እየፈለፈለ ይበላብኛል፤ እሱን እንኳ ለምጄዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ሄድኩ። ሙቀቱ አናት ይበሳል። ሁሌ የምትንገዳገደው ጠረጴዛ ያን ቀን ቀጥ ብላ ቆማለች። ገድ ነው አልኩ።

ትልልቆቹ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ተግተልትለው ወጡ። ከዜሮ በታች አራት። በትምህርቴ መሠረት ተነሳሁ።

«እንግዲህ ልሂድ፣ ጉዳይ አለብኝ።»

«ወዴት አቦ!» አሉ እማማ ከረከቦቱ ኋላ። «አቦሉ ሳይቀዳ?»

ቁጭ አልኩ። ተሸነፍኩ። ካርታው ተበወዘ፣ ቆጠራው ዳግም ወረደ፣ እኔም ዳግም ተነሳሁ።

«ቶናውን ረግጠህ ልትሄድ ነው?»

ቁጭ። ላስ ቬጋስ ቢሆን ካርታ ቆጣሪን ጠባቂ መጥቶ ነው የሚያስወጣው። እዚህ መውጣት ራሱ ፈቃድ ይጠይቃል።

በሦስተኛው ብወዛ ግን ነገር ተቀየረ። ሁለት፣ አራት፣ አምስት፣ ሦስት... ትንንሾቹ ይጎርፋሉ። ቆጠራው ሽቅብ ወጣ። ካርታው እያለቀ ነው፣ ትልልቆቹ ግን የሉም። ልቤ ድው ድው አለ።

«በረካው ደርሷል፤ ከቸኮልክ ጠጥተህ መሄድ ትችላለህ» አሉኝ እማማ አዝነውልኝ።

አሁን ማን ይሄዳል! ለውዜን በሙሉ ገፋሁት። አንድ 6፣ አንድ 5 መጣልኝ። አሥራ አንድ! አንድ አሥር ብቻ! ጋሼ 2 ሰጡኝ። የእሳቸው የሚታየው ካርታ 6 ነው፤ እንግዲህ በአሥር ከሃያ አንድ አልፈው ይቃጠላሉ ብዬ በ13 ቆምኩ። የተደፋውን ገለበጡ፤ 5። ቀጥለው 7 ሳቡ። አሥራ ስምንት።

የቀሩትን ካርታዎች ከእጃቸው ተቀብዬ ገላለጥኳቸው። ሙሉ ካርታ ሲያልቅ ቆጠራው ዜሮ መምጣት አለበት። የእኔ አራት ላይ ቀረ።

«ጋሼ፣ ይሄ ካርታ ይጎድላል እንዴ?»

«አራት ብቻ ነው» አሉ ረጋ ብለው። «ሁለት አስና ሁለት ንጉሥ። ጠረጴዛዋ ስታስቸግረኝ ጊዜ አጥፌ እግሯ ሥር ወተፍኳቸው።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። አንደኛው ንጉሥ በግማሽ ፊቱ ያየኛል።

እማማ በረካውን ቀድተው የቡና ቁርስ አስጠጉልኝ። ለውዜ ነው።

«ብላ እንጂ አቦ፣ የምን ማፈር ነው!»