ለልዋጭ ያልሰጠሁት ቀሚስ

ያለፈው ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ልጆቹ ገና አልተነሱም። እኛ ብሎክ ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ስለሆነ በሌሊት ተነስቼ ጀሪካን ስሞላ ነው የነጋው። አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ከታች "ልዋጭ! ልዋጭ አለ ልዋጭ!" የሚል ድምፅ መጣና እጄ ቀጥ አለ። ጀሪካኑ ሞልቶ ውሃው እግሬ ላይ ሲፈስ ነው ወደ ራሴ የተመለስኩት።

ውጪ አገር ላደጋችሁ ልንገራችሁ፣ ልዋጭ ማለት ሰፈር ለሰፈር እየዞረ አሮጌ ልብስና ጫማ ተቀብሎ በምትኩ ሳፋ፣ ጆግ፣ ብርጭቆ ምናምን የሚሰጥ ነጋዴ ነው። ጥሩ ስራ ነው፣ ያ ልብስ ታጥቦ ተተኩሶ ተመልሶ ይሸጣል፣ ሰው ይለብሰዋል፣ እኔ ምንም ቅሬታ የለኝም። ግን ባለፈው ዓመት የእማዬ አርባ ካለፈ በሳምንቱ ጉለሌ ቤቷ ስደርስ፣ አንድ ጆንያ ሙሉ ልብሷ በሁለት ሳፋና በስድስት ብርጭቆ ሊሄድ በር ላይ ተቀምጦ ነበር። ቤቱን ታጸዳ የነበረችው ዘመዳችን በክፋት አይደለም፣ አሮጌ ልብስ ነው ብላ ነው፣ አሮጌም ነው። እኔ ግን ከጆንያው አፍ አረንጓዴ ነገር ብቅ ብሎ ሳይ ሮጬ ሰውዬውን ክንዱን ያዝኩት። "የእናቴ ነው" አልኩት፣ ሌላ ቃል አልወጣኝም። ጆንያውን ፈቶ አስቀመጠልኝና "ውሰጂ እህቴ፣ ነፍስ ይማር" ብሎ ሳፋዎቹን ተሸክሞ ሄደ። ያን ሰው እስከዛሬ እመርቀዋለሁ።

ጆንያውን ጀሞ አምጥቼ አልጋ ስር ከተትኩት። አንድ ዓመት ሙሉ አልከፈትኩትም።

ለቅሶ ላይ ሰው "አልቅሺ፣ ይውጣልሽ" ይላል አይደል፣ ድንኳኑ እስኪነሳ ድረስ እውነት ነው፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ እድርተኛው ይመጣል፣ ሰው ከቦሽ ታለቅሻለሽ። ከዛ ድንኳኑ ይነሳል፣ ሰኞ ይመጣል፣ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ምሳ እቃ መታሰር አለበት፣ ሰርቪሱ ታች ሆኖ ክላክስ ያደርጋል፣ ትልቋ የቤት ስራ ደብተሯን ሶፋ ስር እየፈለገች ነው፣ ትንሹ የአንድ እግር ካልሲ ጠፍቶበት መሬት ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል፣ ሽሮው ገንፍሏል፣ እና አንቺ መቼ ነው የምታለቅሺው? እኔ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነበር የማለቅሰው። የጀሞ ሰልፍ ረጅም ነው፣ ጥቁር ሻሼን ወደ ግንባሬ ሳብ አድርጌ አንገቴን ደፍቼ፣ ተራዬ እስኪደርስ አለቅስና ታክሲ ውስጥ ስገባ ፊቴን እጠርግ ነበር። አንድ ቀን ከኋላዬ የቆሙ እናት ምንም ሳይሉ ሶፍት አቀበሉኝ። በነጋታው ደግሞ ስራ ነው፣ ማታ እንጀራ ነው፣ ሌሊት የትንሹ ትኩሳት ነው። ልጅ ያላት ሴት ሐዘኗን እንዲህ በትርፍ ሰዓት ነው የምታዝነው፣ ይሄን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ስለ ልብሶቹ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም የድሮ ልብስ ፍቅር የያዘኝ ከሷ ነው።

እማዬ መንግስት መስሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች፣ በስልሳዎቹ መጀመሪያ፣ አፍሮ፣ ቤልቦተም፣ ከጉልበት ከፍ ያለ ጉርድ የነበረበት ጊዜ። ያኔ የተሰራ ልብስ ገዝቶ መልበስ ለሷ ዓይነቷ ብዙም አልነበረም፣ ደመወዝ ስትቀበል ጨርቅ በሜትር ትገዛና ሰፊ ጋ ትወስደዋለች፣ ከመጽሔት ላይ ያየችውን አንገት፣ ከጓደኛዋ ላይ ያየችውን እጅጌ ትነግረዋለች፣ ይለካታል፣ ትመላለሳለች፣ ያስተካክላል። ፒያሳ ፎቶ ቤት የተነሳችው ፎቶ አለኝ፣ አንድ እጇን ወንበር መደገፊያ ላይ አሳርፋ ከካሜራው ትንሽ ወደ ጎን ታያለች፣ ቀሚሱ ላይ አንድ የተሸበሸበ ቦታ የለም። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ቢሆንም እኔ አረንጓዴ መሆኑን አውቃለሁ።

ስለዛ ጊዜ ሳስወራት ሁሌ የምታነሳው ነገር ነበር። መጋቢት 1960 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ ራስ መኮንን አዳራሽ የፋሽን ትርኢት ተዘጋጅቶ ተማሪዎች የውጪ ባህል ሊጭኑብን ነው ብለው ተቃወሙ፣ ግርግር ተነሳ፣ ተማሪዎች ታሰሩ፣ ዩኒቨርስቲውም ለጊዜው ተዘጋ። እማዬ ያኔ ገና ሀይስኩል ነበረች። "የልጆቹ ንዴት በመንግስቱ ነበር፣ የወረደው ግን ቀሚስ የለበሰችው ላይ ነው" ትለኝ ነበር። እኔ እሷ ልክ ነች ባይ ነኝ። ያን ጊዜ አገሩ ብዙ የሚቆጣበት ነገር ነበረው፣ ግን የሴት ልጅ ጉልበት እዛ ውስጥ ምን አገባው? በኋላ ደግሞ ደርግ መጣ፣ በ67 የእድገት በህብረት ዘመቻው ታወጀ፣ ካኪው መጣ፣ ከዛ የቀበሌው ስብሰባ። "ያን ለብሶ ስብሰባ አይኬድም" ብላ ቀሚሱን ከናፍታሊን ጋር ሻንጣ ውስጥ አስገባችው። አልሸጠችውም ግን። ሰርግ ሲኖር ብቻ ይወጣል፣ ይነፍሳል፣ ይለበሳል፣ ይመለሳል።

አያያዟ ሌላ ነበር በቃ። ነጠላዋን በእንዶድ ነበር የምታጥበው፣ የዱቄት ሳሙና ጨርቅ ይበላል ትላለች። ያ እንዶድ እኮ ነው ዶክተር አክሊሉ ለማ በፈረንጆቹ 1964 አድዋ ላይ ሴቶች ወንዝ ወርደው ልብስ ሲያጥቡበት፣ ከነሱ ዝቅ ብሎ ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ የቢልሃርዚያ ምርምሩን የጀመረበት። ይሄን ስነግራት "እኛ እኮ ድሮም እናውቀዋለን ጥሩ እንደሆነ" አለችኝ፣ ደስ ብሏት።

እኔ ደግሞ ዩኒቨርስቲ እያለሁ በሰልባጅ ጀመርኩ። መርካቶ ቦንዳ ሲፈታ ለመድረስ በጠዋት መሄድ፣ ክምሩ ውስጥ እስከ ክርን ገብቶ መፈተሽ፣ አንድ የሱፍ ኮት በእጅ ዳሰሳ ብቻ ለይቶ መጎተት፣ ይሄን የሚወድ ሰው ይገባዋል። ቀስ በቀስ ዘመን መለየት ተማርኩ። ዚፑ ብረት ከሆነ ልብሱ እድሜ ሊኖረው ይችላል፣ የናይለን ዚፕ የበዛው በፈረንጅ ስልሳዎቹ መጨረሻ አካባቢ ነው። የክር ልቃቂት የምትመስለዋ የሱፍ ምልክት ደግሞ የወጣችው በ1964 እ.ኤ.አ. ነው፣ ስለዚህ እሷ ካለችበት ልብሱ ከዛ ወዲህ ነው። ይሄን ሁሉ ከኢንተርኔት ለቃቅሜ ለእማዬ ሳወራላት ሰምታኝ ሰምታኝ "ዋናው መገልበጥ ነው። ልብስ ስትገዢ ገልብጪና ውስጡን እይ፣ ፊቱንማ ማንም ያሳምረዋል" አለችኝ። እውነቷን ነው። የጥሩ ሰፊ ስራ ውስጡ ነው ያለው፣ ጎን ላይ ትርፍ ጨርቅ ይተውልሻል፣ ስትወፍሪ እንዲሰፋ። የዛሬ ልብስ ገልብጡና እዩ እስቲ፣ ስፌቱ ጋ አንድ ጣት እንኳን ትርፍ የለውም።

ደግሞ አዲስ ነገር ለብሼ ከቤቷ ስወጣ ሁሌ በር ላይ ታስቆመኝ ነበር። "ዞር በይ እስቲ።" እዞራለሁ። ጠርዙን ታያለች፣ ክር ካለ ትቆርጣለች፣ ከዛ ነው የምትለቀኝ።

ሚያዝያ ላይ ሙት ዓመቷ ወጣ፣ ጥቁሩን አወጣሁ፣ በዛው ሳምንት ልጆቹን አስተኝቼ ጆንያውን ከአልጋ ስር ጎተትኩት። የናፍታሊኑ ሽታ ሲመጣ ለትንሽ ጊዜ መቀጠል አልቻልኩም። አረንጓዴው ቀሚስ ከላይ ነበር። ክሬፕ ነው፣ ጠርሙስ አረንጓዴ፣ እጅጌው እስከ ክርን፣ ከኋላ የብረት ዚፕ፣ ደረቱ ላይ በራሱ ጨርቅ የተለበጡ ስድስት ቁልፎች፣ በ1963 ለጓደኛዋ ሰርግ የተሰፋ። በልማድ ገለበጥኩት።

ጎኑ ላይ ያ ትርፍ ጨርቅ አለ፣ እና እዛ ላይ የመርፌ ቀዳዳ በመስመር በመስመር ተደርድሯል። የመጀመሪያው ስፌት ተፈትቶ ቀዳዳው ብቻ ቀርቷል፣ የሀያ አንድ ዓመት ልጅ ወገብ። ከሱ ትንሽ ወጣ ብሎ ሁለተኛ መስመር፣ ወንድሜ ከተወለደ በኋላ መሆን አለበት። ከዛ ወደ ጫፉ ሶስተኛ፣ እሱ እኔ ነኝ። ስፌቶቹ የደበቁት ጨርቅ ፀሐይ ስላልነካው ቀለሙ አሁንም ድፍን ጥቁር አረንጓዴ ነው። እነዚህ ሁሉ የመኪና ስፌት ናቸው፣ ቀጥ ያሉ።

አራተኛው ግን ወደ ውስጥ ነው። ከመጀመሪያውም መስመር አልፎ፣ በሁለቱም ጎን ሁለት ሁለት ጣት ያህል ወደ ውስጥ የገባ፣ በሰማያዊ ክር፣ በእጅ የተሰፋ። አንዱ ጥልፍ ረጅም ነው፣ አንዱ አጭር፣ አንድ ቦታ ላይ ክሩ ተቋጥሮ እንደገና ይጀምራል። ዓይኗ ደክሞ ነበር እኮ። አረንጓዴ ክር ከሱቅ አምጡልኝ ብትል ለምን እንደምትፈልገው ትጠየቃለች፣ ስለዚህ ቤት በተገኘው ሰፋችው።

የዛ ዓመት ጥር ላይ የአጎቴ ልጅ ሰርግ ነበር። እማዬ ይሄንን ቀሚስ ለብሳ መጣች። እኔ አዳራሹ በር ላይ ተቀበልኳት፣ ትንሹን ታቅፌ፣ ቸኩዬ፣ እና ምን እንዳልኳት ቃል በቃል አስታውሳለሁ፣ "ኧረ እማዬ! ቀጥነሽ እንዴት አምሮብሻል!" አልኳት። "ዞር በይ እስቲ" አልኳት፣ እሷ እንደምትለኝ። ዞረችልኝ። ሳቀች።

ሆዷን ካመማት ወራት አልፎት እንደነበር የሰማነው የካቲት ላይ ነው። ሐኪሙ "ቆይቷል" አለን፣ በቃ፣ ሌላ ብዙ የሚባል ነገር አልነበረም። ሚያዝያ ላይ ሄደች።

አስቡት፣ የሰው ልብስ ገልብጬ የስንት ዓመት እንደሆነ የምናገር ሰው ነኝ። የእናቴን ቀሚስ ግን በፊቱ አይቼ አማረብሽ አልኩ። ወንድሜ "ብትጠይቂያትም አትነግርሽም ነበር" ይለኛል፣ ልክ ይሆናል፣ እናቶቻችን እንደሱ ናቸው፣ ልጅ እንዳይጨነቅ ብለው ህመማቸውን ዋጥ ያደርጋሉ። ግን ብጠይቃት ኖሮ እላለሁ እኔ። እስካሁንም እላለሁ። ብቻዋን አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ያን ሰማያዊ ክር መርፌ ውስጥ ለማስገባት ስትታገል ይታየኛል፣ ሰርጉ ላይ ልብሱ ላልቶ ሰው እንዳይጠይቃት።

ቀሚሱን ልለብሰው ፈለግኩ። እንዳለ አይገባኝም፣ የሷን ስፌት መፍታት ያስፈልጋል። ጉለሌ እሷ ሰፈር አንድ ሽማግሌ ሰፊ አሉ፣ አሁንም በእግር በምትረገጥ ሲንገር ነው የሚሰሩት፣ ወሰድኩላቸው። ገልብጠው በጣታቸው መስመሮቹን ቆጠሩ። "የመኪናው የባለሙያ ነው፣ እጁ ጥሩ ነበር" አሉ። ከዛ ሰማያዊው ላይ ቆም አሉና መቀሱን አንስተው "ልፍታው?" አሉኝ። "አይ አባባ፣ እሱን እኔ እፈታዋለሁ" ብዬ መልሼ ወሰድኩት።

ማታ ሳሎን ቁጭ ብዬ በምላጭ ጀመርኩ። አንድ በአንድ። ትልቋ ውሃ ጠምቷት ተነስታ መጣች።

"ማሚ ምን እየሰራሽ ነው?"

"የእማማን ስፌት እየፈታሁ።"

"እማማ ናት የሰፋችው?"

"አዎ።"

ትንሽ አየችውና "በጣም አጥብቃዋለች" አለች። ከዛ ምንም ሳልጠይቃት አጠገቤ ቁጭ ብላ ጨርቁን በሁለት እጇ ወጥራ ያዘችልኝ፣ ምላጩ ጨርቁን እንዳይነካ። ትምህርት አለሽ ተኚ አላልኳትም። የሁለቱም ጎን አልቆ ስንነሳ ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር። ክሩን ሰብስባ ባዶ የክብሪት ቤት ውስጥ የከተተችው እሷ ናት፣ አሁን ከእማዬ ፎቶ ጀርባ ተቀምጧል።

ሽማግሌው በሶስተኛው መስመር ላይ ሰፉልኝ። እኔን ከወለደች በኋላ ያስሰፋችው ልክ ሆነኝ፣ አንድ ሴንቲ አልተነካም።

ቅዳሜ ያ ልዋጭ ካለፈ በኋላ ጀሪካኑን ዘጋሁና ገብቼ ቀሚሱን ተኮስኩት። በማግስቱ እሁድ ልጆቹን ይዤ የእማዬ ታናሽ እህት ጋ ሄድን። ጥቁር ካወጣሁ ወዲህ ስታየኝ የመጀመሪያዋ ነው። በሩን ከፈተች፣ አየችኝ፣ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። ልጆቹ ተሽቀዳድመው በጎኗ ገቡ፣ እሷ ግን እኔን ከመግቢያው አላሳለፈችኝም።

"ዞር በይ እስቲ" አለችኝ።

ዞርኩላት።