ራሳም ለጉንፋን

ጉንፋኑ አልለቅ ሲለኝ ዛሬ ራሳም ሠራሁ። በደቡብ ህንድ የታሚል ናዱ ግዛት ሰዎች ሩዝ ላይ አፍስሰው የሚበሉት፣ ሲያማቸው ደግሞ በኩባያ የሚጠጡት ቀጭን፣ ኮምጣጣና የሚያቃጥል መረቅ ነው። ሁመር በሙቅ ውሃ ዘፍዝፌ ጨመቅኩና ከቲማቲም፣ ከእርድና ከጨው ጋር ጥሬ ሽታው እስኪጠፋ አፈላሁት፤ ከዚያ የተወቀጠ ቁንዶ በርበሬ፣ ከሙንና ነጭ ሽንኩርት ገባ። አረፋው ሽቅብ ሲል ወዲያው ማውጣት ነው፣ ብዙ ከተንተከተከ መዓዛው ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ሰናፍጭ፣ ዛላ በርበሬና የካሪ ቅጠል በቅቤ ቸስ አድርጎ ላዩ ላይ መገልበጥ። ቤቱ ታወደ! ሂንግ የሚሉትን ቅመም ግን አልጨመርኩም፣ ሽታውን አልችለውም፣ ህንዶች ይቅር በሉኝ። አፍንጫዬ ተከፈተ፣ ላብ በላብ ሆንኩ። የተረፈውን ማታ በሩዝ።