በር ላይ የሚለጠፈው ስም

ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላባራም። መስከረም ተጋምሶ እንኳ ጅማ ክረምቱን አልለቅም ብላለች። ትንሿ እህቴ ወደ ጀርመን ልትሄድ ነው፤ ሳሎኑ መሀል ሻንጣዋን ዘርግታ በእጅ ሚዛን ታነሳለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች፤ 23 ኪሎ ላይ አልቆም አላት። ከጠዋት ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ይለዋል።

ቅቤውንና ቋንጣውን አስወጣኋት። እማዬ አኮረፈች፤ ግን ከእኛ አገር የሥጋና የወተት ውጤት ይዞ አውሮፓ ኅብረት መግባት ክልክል ነው፣ ፍራንክፈርት ላይ ከተገኘ ይወረሳል። ማር ለአንድ ሰው እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። እሱም በእጅ ሻንጣ ከሆነ ቦሌ ላይ ይቀራል፤ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ ተብሎ ነው የሚቆጠረው። ክዳኑን በፕላስተር አሽገን፣ በሁለት ፌስታል ጠቅልለን ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ልብስ መሀል ከተትነው።

ሰዓቱን ደግሞ ደጋግሜ ነገርኳት። የባቡር ትኬቱ 8፡14 ካለ ጠዋት 2፡14 ማለት ነው። ይህን የማያውቅ የለም፤ ነገር ግን ሌሊቱን አውሮፕላን ላይ ሳይተኛ ያደረ ሰው 8፡14ን ከሰዓት በኋላ አድርጎ ቁጭ ይላል። ስልኳን ከዚሁ በ24 ሰዓት አቆጣጠር አደረግንላት። ፎርም ስትሞላም እጅ በልማድ 2018 ብሎ ይጽፋል፤ ያኔ የዛሬው የቤት ኪራይ ውል ከ7 ዓመት በፊት የተፈረመ ይሆናል።

የምትደርሰው ቅዳሜ ነው። በማግስቱ እሁድ ሱቅ ዝግ ነው፤ ትልልቅ ባቡር ጣቢያዎች ውስጥ ያሉት ካልሆኑ። ዳቦና ውሃ ቅዳሜውኑ ትያዝ። ያቺ እሁድ ናት የምታስፈራኝ። እዚህ ከቤት ወጥታ መርካቶ እስክትደርስ አንዱ «እንዴት አደርሽ»፣ ሌላው «አካም ቡልቴ» ይላታል። እዚያ እስከ ማታ ስሟን የሚጠራ አይኖርም።

ስም ስል ነው ሌላው ሁሉ የጠፋብኝ።

ጀርመን ውስጥ ሕንጻው ቁጥር አለው፤ ውስጡ ያሉት ቤቶች ግን አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር የላቸውም። ማን የት እንደሚኖር የሚታወቀው ደወሉና የፖስታ ሳጥኑ ላይ በተለጠፈው የቤተሰብ ስም ነው። ፖስተኛው ስሙን ካላገኘ ደብዳቤውን ወደ ላኪው ይመልሰዋል። የባንክ ካርዱ በአንድ ደብዳቤ፣ የሚስጥር ቁጥሩ በሌላ ደብዳቤ ነው የሚመጣው። የጤና መድን ካርዱም በፖስታ ይመጣል። ቤት በገባች በ2 ሳምንት ውስጥ አከራዩ የፈረመበትን ማረጋገጫ ይዛ ማዘጋጃ ቤት ትመዘገባለች፤ ከዚያ የግብር መለያ ቁጥሯም እዚያው ሳጥን ውስጥ ይጣላል። ስሙ ካልተለጠፈ ይህ ሁሉ ሳይደርሳት ይቀራል፣ ለምን እንደቀረም የሚነግራት የለም። ብዙ አዲስ ገቢ ባንኩን ሲወቅስ ይከርማል፤ ጉድለቱ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ናት።

ስለዚህ ማታ ወረቀቷን ራሴ አዘጋጀሁላት። ነጭ ወረቀት፣ ጥቁር እስክሪብቶ፣ ከላዩ እንዳይርስ ግልጽ ፕላስተር። ሁለት ቆረጥኩ፣ አንዱ ለደወሉ፣ አንዱ ለሳጥኑ። አጻጻፉ ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት።

ፓስፖርቷ ላይ በቤተሰብ ስም ቦታ የገባው የአያታችን ስም ነው። እዚያ ወረፋ ስትይዝ የሚጠራው የእሷ ስም ሳይሆን የእሱ ነው። ካልለመደችው ተራዋ ያልፋታል፤ ለሌላ ሰው ይመስላታል። እኔም እሷም አያታችንን አላየነውም። ፎቶ የለውም፤ ከእሱ የቀረን ጥግ ላይ ያለው ባለ ሦስት እግር በርጩማ ብቻ ነው። ወረቀቱን የጻፍኩትም እሱ ላይ ተቀምጬ ነበር።

ስሙ ውስጥ «ጨ» አለ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ «ch» ሆኖ ከ«ቸ» ጋር አንድ ሆነ። ጀርመኖች ደግሞ እነዚያን ሁለት ፊደሎች አንድ ላይ ሲያገኟቸው ወደ «ኽ» የተጠጋ ድምፅ ነው የሚሰጧቸው። እኔም እንደነሱ አድርጌ ጮክ ብዬ ሞከርኩት። እማዬ ከጓዳ «ማንን ነው?» አለችኝ።

ትንሿስ ስትጠራ ታውቀው ይሆን?