ሞተር ሲያንኳኳ ከመፍታት በፊት
ሞተሩ የሚያንኳኳበት ሰው ሲያማክረኝ ድምፁን በአፉ እንዲያስመስልልኝ አልጠይቀውም፤ አንዱ «ኳ ኳ» ያለውን ሌላው «ጠቅ ጠቅ» ይለዋልና። የምጠይቀው ድምፁ መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደሚጠፋ ነው፦ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ፣ ዳገት ላይ ነው ወይስ ሚኒሞ ላይ (መኪናው ቆሞ ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጠው በዝግታ ሲዞር)፣ ነዳጅ ሲሰጠው ነው ወይስ እግር ከፔዳሉ ሲነሳ?

ከጥያቄው ሁሉ የሚቀድመው ግን ዘይት ነው። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ዘይቱ ከሞተሩ ሥር ወዳለው መያዣ፣ ወደ ኮፓው፣ እስኪወርድ ጥቂት ደቂቃ ከተጠበቀ በኋላ ደረጃው ይታያል። የዘይት መብራት በርቶ የሚያንኳኳ ሞተር እዚያው መጥፋት አለበት፤ በቀስታ እየነዱ ጋራዥ መድረስ የሚባል ነገር የለም። መብራቱ ጠፍቷል ማለት ደግሞ ግፊቱ በቂ ነው ማለት አይደለም፤ የሚበራው ግፊቱ እጅግ ሲወርድ ብቻ ስለሆነ በግፊት መለኪያ (ጌጅ) መለካት ያስፈልጋል።

ሞተሩ ሲነሳ ተሰምቶ ሲሞቅ የሚጠፋ ድምፅ ብዙውን ጊዜ የፒስተን ነው፤ በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል በመበላት የሰፋው ክፍተት ፒስተኑ በሙቀት ሲለጠጥ ይጠባል። የጭስ ማውጫው ጋስኬት ሲያፈስም ተመሳሳይ ጠባይ ስለሚያሳይ ሁለቱን ማምታታት ቀላል ነው። ጭነት ሲበዛበት ብቻ በጣሳ ውስጥ እንደሚናጥ ጠጠር የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ግን ጉዳዩ የቃጠሎ ነው፦ የቤንዚኑ ኦክቴን (ያለጊዜው መቀጣጠልን የመቋቋም አቅሙ) አንሷል፣ የማቃጠያ ክፍሉ ካርቦን ይዟል፣ ሞተሩ ከመጠን በላይ ሞቋል፣ ወይም ካንዴላው ከጊዜው ቀድሞ ይተኩሳል። እዚህ ላይ ሞተር ማስፈታት ገንዘብ ማባከን ነው።

የሚያስፈራው ወፍራሙ፣ ከሞተሩ ታችኛው ክፍል የሚመጣውና ከሞቀ በኋላ የሚብሰው የቢዬላ ብሮንዚና ድምፅ ነው፤ ቢዬላ ፒስተኑን ከሚዞረው ክራንክ ሻፍት ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ሲሆን፣ ብሮንዚና ደግሞ በሁለቱ መገናኛ ላይ የሚገባው ስስ ተንሸራታች ሽፋን ነው። ይህን ለማረጋገጥ የምመርጠው መንገድ ሲሊንደሮቹን አንድ በአንድ ማሳረፍ ነው። በቤንዚን ሞተር ላይ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የአንዱ ኢንጀክተር ሶኬት ይነቀልና ሞተሩ ተነስቶ ለጥቂት ሰከንዶች ይደመጣል፤ ከዚያም ሶኬቱ ተመልሶ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። የተበላው ብሮንዚና ያለበት ሲሊንደር ተራው ሲደርስ በቢዬላው ላይ የሚያርፈው የቃጠሎ ጫና ስለሚቀር ድምፁ በግልጽ ይቀንሳል። በካንዴላው በኩል ማጥፋትም ይቻላል፤ ነገር ግን ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ጭስ ማጣሪያው (ካታሊስት) ስለሚሄድ አልወደውም። በኮመን ሬል (ኢንጀክተሮቹ ሁሉ ከአንድ ከፍተኛ ግፊት ካለው የጋራ ቱቦ በሚመገቡበት) ናፍጣ ሞተር ላይ ደግሞ የኢንጀክተር ቱቦ ማላላት በፍጹም አይሞከርም፤ ግፊቱ ከ1000 ባር በላይ ሊደርስ ስለሚችል የሚረጨው ናፍጣ ቆዳ ይበሳል።

ሁለተኛው ምስክር የዘይት ፊልትሮ ነው። ቆርቆሮው ተቆርጦ የታጠፈው ወረቀት ሲዘረጋና ብርሃን ላይ ዘንበል ሲደረግ፣ ማግኔት የማያነሳቸው መዳብማ ወይም ብርማ ቅርፊቶች ከታዩ ብሮንዚናው እየተላጠ ነው። ማግኔት ስላላነሳው ምንም የለም ብሎ መደምደም የተለመደ ስህተት ነው፤ የብሮንዚናው ጀርባ ብረት ቢሆንም ቀድሞ የሚበላው ሽፋን ግን በማግኔት አይሳብም።

ይህ ሁሉ ሆኖም ከማስፈታት በፊት የላሉ የፍላይዊል (በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ያለው ከባድ ጎማ መሰል ብረት) ብሎኖች፣ ሞተሩን የሚሸከመው የተሰበረ የሞተር ጎማና በቺንጋ (ቀበቶ) የሚዞሩ ክፍሎች ኩሽኔታ መታየት አለባቸው፤ የላላ ብሎን ልክ እንደ ቢዬላ ሊያንኳኳ ይችላል። ወፍራም ዘይት ጨምሮ ድምፁን ማብረድን በተመለከተ፣ መኪና ለመሸጥ ያሰበ ሰው ዘዴ ነው ከማለት ሌላ የምለው የለኝም፤ ዘይት የተበላውን ብረት አይመልስም።

ብሮንዚናው መሆኑ ከተረጋገጠ ደግሞ እሱን ብቻ ለውጦ መግጠም አይበቃም። የክራንክ ሻፍቱ አንገት፣ ማለትም ብሮንዚናው የሚያቅፈው ክብ ክፍል፣ በማይክሮሜትር በተለያየ አቅጣጫ መለካት አለበት፤ ክብነቱን ካጣ ወይም ከተጫረ ተሞርዶ በልኩ ወፍራም ብሮንዚና ካልተገጠመለት አዲሱም ፈጥኖ ይበላል።