የእንቁላል ቀለም መርጦ ዶሮ ማርባት በጎንደር

አዘዞ ባለው ግቢዬ ስምንት ዶሮዎች አሉኝ። ጠዋት ከጎጆአቸው የሰበሰብኩትን እንቁላል ሳህን ላይ ስደረድረው ነጭ፣ ገለባ መሳይ፣ ፈካ ያለ ቡናማና ጠቆር ያለ ቡናማ ሆኖ ይታየኛል። በቀለሙ መለያየት ደስ ይለኛል፤ ከደስታው ሌላ ግን ጥቅም አለው። የአንዲት ዶሮ የእንቁላል ቀለም ከዕድሜና ከወቅት ጋር ጥቂት ቢፈዝም ዓይነቱ ዕድሜዋን ሙሉ ስለማይለወጥ፣ የትኛዋ እንደጣለች፣ የትኛዋ እንዳቆመች ሳልጠብቃቸው አውቃለሁ።

ቀለሙ የሚመጣው ከዘር እንጂ ከመኖ አይደለም። በቆሎና ለምለም ሣር የሚያደምቁት አስኳሉን ነው፤ ቅርፊቱን የሚወስነው ዶሮዋ ከእናትና ከአባቷ የወረሰችው ባሕርይ ነው። እንቁላሉ ቅርፊቱ በሚሠራበት የማኅፀን ክፍል 20 ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ፕሮቶፖርፊሪን የሚባለው ቡናማ ቀለም በብዛት የሚቀባው ግን በመጨረሻዎቹ ሰዓታት ስለሆነ ከላይ እንደ ሽፋን ይቀራል። ይህን ለማየት አንድ ቡናማ እንቁላል አቼቶ ውስጥ ነክሬ ነበር። ወዲያው ጥቃቅን አረፋ ሸፈነው፤ ጥቂት ቆይቼ በጣቴ ስዳብሰው ቡናማው እንደ ስስ ጭቃ እየተላጠ ከሥሩ ነጩ ቅርፊት ወጣ። ሰማያዊው ግን የተለየ ነው። ቢሊቨርዲን የተባለው ቀለም ቅርፊቱን ዘልቆ ስለሚገባ እንቁላሉ ሲሰበር ውስጡም ሰማያዊ ነው። በሰማያዊው ላይ ቡናማ ሲቀባበት ደግሞ አረንጓዴ ይሆናል።

በመጀመሪያው ዓመት የተታለልኩት በዚሁ በሰማያዊ ነው። አንድ ነጋዴ፣ «እነዚህ ቄቦች ሰማያዊ ይጥላሉ» ብሎ በውድ ሸጠልኝ፤ ማስረጃ ያደረገውም በራሳቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ነጠላ ሳይሆን ድርብ መሆኑን ነበር። ወራት ጠብቄ የመጀመሪያውን እንቁላል ሳገኝ ገለባ መሳይ ሆነ፤ ቀጥሎ የጣሉትም ሁሉ እንደዚያው። ነገሩ ጨርሶ መሠረት የሌለው አልነበረም። ሰማያዊ በመጣል የታወቀው የቺሊው አራውካና ዝቅ ያለ ድርብ አለው፤ የድርቡና የሰማያዊው ባሕርይም በዘር ሐረጉ ላይ ተቀራርበው ስለሚገኙ ብዙ ጊዜ አብረው ይወረሳሉ። የእኛ አገር ዶሮዎች ግን ከሰማያዊ እንቁላል ጋር ምንም ሳይገናኙ ከጥንት ጀምሮ ድርብ አላቸው። ስለዚህ ድርብ አይቶ ሰማያዊ እንቁላል ተስፋ የሚያደርግ ሰው ገንዘቡን ባያወጣ እመክራለሁ።

ሰማያዊው በዶሮዎች ዘር የገባው ከረጅም ዘመን በፊት የአንድ ቫይረስ ቅንጣት በዘር ሐረጋቸው ውስጥ ተሰክቶ በመቅረቱ እንደሆነ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጡ ጥናቶች አሳይተዋል። ባሕርዩ የበላይ ስለሆነ ከአንድ ወላጅ መውረስ ይበቃል፤ ከአባትም ከእናትም የወረሰው አውራ ዶሮ ከእኛ ቡናማ ጣዮች ጋር ቢዳቀል ሴቶች ልጆቹ ሁሉ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ይጥላሉ። ችግሩ አውራው ራሱ እንቁላል ስለማይጥል የተሸከመውን በዓይን ማየት አለመቻሉ ነው። ቢሆንም ሰማያዊውን ፈልገው ከውጭ በሻንጣ የሚታቀፍ እንቁላል ለማስመጣት ለሚያስቡ ወዳጆቼ እለምናለሁ፦ ያለ እንስሳት ጤና ፈቃድ አታስገቡ። ፈንግል አንድ ጊዜ መንደር ከገባ የጎረቤትን ቆጥ ሁሉ ባዶ ያደርጋል።

እዚሁ ከሚገኙት ግን ጥሩ ሳህን መሙላት ይቻላል። ነጩን የሚሰጠኝ ሌግሆርን ነው፤ ብዙ ይጥላል፣ መታቀፍ ግን አይወድም። ከግብፅ የመጣው ፋዩሚም ወደ ነጭ ያደላል። ለቡናማው ከደቡብ አፍሪካ የመጣውን ዥንጉርጉሩን ኮኮክ እመርጣለሁ፤ ቦቫንስ ብራውን የሚባለው ዘር በእንቁላል ቁጥር ቢበልጠውም የተሟላ መኖ ካላገኘ ቶሎ ይጎዳል። የአገራችን ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 ያህል ብቻ ብትጥልም፣ ከአንዷ ነጭ ከሌላዋ ፈካ ያለ ቡናማ ይገኛል፤ ቅዳሜ ገበያ ገለባ በተነጠፈበት ቅርጫት እንቁላል የሚያመጡትን የደምቢያ ሴቶች ያየ ይህን ያውቃል። አንዲት ደንበኛቸው የሆኑ ጎረቤቴ፣ «ልጄ፣ ሲቀቀል ያው አይደል?» ይሉኛል። ስለ ምግብነቱ ትክክል ናቸው፤ የቅርፊት ቀለም በጣዕሙም በጥቅሙም ላይ ለውጥ አያመጣም።

ቡናማ ጣይ ያለው ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል። ጠቆር ያለው እንቁላል በድንገት ከነጣ ዶሮዋ ደንግጣ ወይም ታማ ሊሆን ስለሚችል፣ ለቀለሙ ከማዘን በፊት እሷን ማየት ይገባል።

በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ገዢ ስለሚቀንስ ያን ጊዜ የማውለው ለማስታቀፍ ነው። ነጭ ጣይና ቡናማ ጣይ ሲዳቀሉ ልጆቻቸው መካከለኛ ቀለም ስለሚጥሉ፣ ጠቆር ያለው እንዳይጠፋብኝ የሌግሆርኑን አውራ ሸጬ የኮኮኩን አስቀርቻለሁ። ዘንድሮ ከኮኮኮቹ በጣም የጠቆረውን 11 እንቁላል መርጬ ገብስማዋን አስታቅፌያታለሁ። በ21 ቀን ከሚፈለፈሉት ሴቶቹ ምን ዓይነት ቀለም እንደሚጥሉ ለማየት እስከ መስከረም እጠብቃለሁ።