እሳተ ገሞራ ፓርክ ውስጥ የምታድሩ ከሆነ

እሳተ ገሞራ ያለበት ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በእግር መጓዝና ድንኳን ተክሎ ማደር በጣም ነው የምወደው። ሰው ግን ለጉዞው ሲዘጋጅ የሚፈራው ፍንዳታውን ብቻ ነው። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ የምንረግጠውና የምንተኛበት መሬት ነው።

ካሊፎርኒያ በሚገኘው ላሰን ፓርክ ውስጥ ጭቃው የሚንተከተክበት፣ እንፋሎት የሚትጎለጎልበት ባምፐስ ሄል የተባለ ቦታ አለ። ስሙ የተወሰደው በ1860ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን) እዚያው ከተቃጠለው ከኬንዳል ባምፐስ ነው። ደረቅና ጠንካራ የመሰለውን መሬት ሲረግጠው ተደርምሶ እግሩ የፈላው ጭቃ ውስጥ ገባ። ከላይ ያለው ቅርፊት ስስ ነው፣ በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ለፎቶ ብላችሁ ከመንገዱ አትውጡ፣ እባካችሁ።

ሃዋይ ደግሞ ሌላ ነው። ፓሆይሆይ የሚባለው የላቫ አለት ለስላሳ ስለሆነ ደህና ያስኬዳል፤ አአ የሚባለው ግን ሸካራና ስለታም ስለሆነ ወድቃችሁ እጃችሁን ብታሳርፉበት ይተለትለዋል፣ ጓንትና ረጅም ሱሪ የግድ ነው። አለት ላይ ዱካ ስለማይታይ መንገዱ የሚታወቀው በተከመረ ድንጋይ ነው። ጉም ሲወርድ ቀጣዩ ክምር እስኪታያችሁ ካላችሁበት አትነቃነቁ። የራሳችሁን ክምርም አትሥሩ፣ ከኋላ የሚመጣውን ሰው ያሳስታል። ውኃ ደግሞ ተሸክማችሁ ሂዱ፤ አለቱ ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ ዝናቡ ወዲያው ወደ ውስጥ ይሰርጋል፣ ምንጭ አገኛለሁ ብሎ መሄድ አይሆንም።

ማደሪያውን በተመለከተ፣ የድንኳን ካስማ አለት ውስጥ አይገባም፣ ልቅ አመድ ውስጥ ደግሞ አይጸናም። ያለ ካስማ የሚቆም ድንኳን ያዙና ገመዱን በትልልቅ ድንጋይ እሰሩ። ከነፋስ ለመሸሽ ብላችሁ ግን ጎድጓዳ ቦታ እንዳትገቡ! ከመሬት የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ እዚያ ይተኛል፣ ሽታም የለውም። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ እንኳን ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ሄደ ማለት አይደለም። አስም ያለበት ሰው የጋዙን መጠን ሳያጣራ ባይሄድ ይሻላል።

መንገድ ተዘግቷል ሲባልም እመኑ። ኒውዚላንድ ቶንጋሪሮ የተባለው እሳተ ገሞራ ላይ ነሐሴ 2012 (አሁንም እንደ አውሮፓውያን) ቴ ማሪ የተባለው አፉ በሌሊት ሲፈነዳ፣ የተወረወረው ድንጋይ ተጓዦች ያርፉበት የነበረውን የኬቴታሂ ጎጆ ጣሪያ በስቶ ገብቷል። ያን ሌሊት ውስጡ ሰው አልነበረም።