ጸሎቴ የተሰማው በክኒን ነው

ስሙ የተመሰገነ ይሁን። አምላክ ያደረገልኝን ልመሰክር ነው፤ መድኃኒቱን ዘልዬ ግን አልመሰክርም።

መጀመሪያ የተለመደውን የቲቢ መድኃኒት ጀመርኩ። ሳሉ አልለቀቀኝም፣ ሰውነቴም አለቀ። አክታዬ ጂን ኤክስፐርት በሚባለው መመርመሪያ ሲታይ፣ ሪፋምፒሲን የተባለው ዋናው የቲቢ መድኃኒት የማይበግረው ቲቢ ሆኖ ተገኘ። እናቴ እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች። ድሮ በዚሁ በሽታ የታከመ ጎረቤት ነበረን። የካናማይሲን መርፌ ከሞት አተረፈው፣ ጆሮውን ግን ወሰደው። የታያት እሱ ነው።

ደግነቱ ያ መርፌ ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በዓለም ጤና ድርጅት አይመከርም። ለእኔ የታዘዘው ሁሉ የሚዋጥ ነው፦ ቤዳኩሊን፣ ሊኔዞሊድ፣ ሌቮፍሎክሳሲን፣ ክሎፋዚሚን። ዓመት ከመንፈቅ። ክሎፋዚሚኑ ፊቴን አጠቆረው፤ እሱስ ይጥቆር።

ያስጨነቀኝ ሊኔዞሊድ ነው። ባክቴሪያው ፕሮቲን እንዳይሠራ ያግደዋል፣ ሲቆይ ግን ደምንም፣ ነርቭንም፣ ዓይንንም ይነካል። ደሜ አነሰ። የእግሬ ጣቶች ይነዝሩኝ ጀመር። ነርሷ በየወሩ ባለቀለም ነጠብጣብ የሞላበት መጽሐፍ ትገልጥና በመሀሉ የተደበቀውን ቁጥር ታስነብበኛለች። ቀይና አረንጓዴ ከተምታታብኝ ዓይኔ ተነክቷል ማለት ነው። ገጽ በተገለጠ ቁጥር በሆዴ «ቅዱስ ሚካኤል፣ ዓይኔን!» እላለሁ። መድኃኒቱ ይቁም ቢባልም ሌላ ጣጣ ነው፤ የቀሩት ብቻቸውን ላይችሉት ይችላሉ። ሐኪሙ ከ600 ሚሊ ግራም ወደ 300 ዝቅ አደረገልኝ። ደሜ ተመለሰ። ቁጥሮቹን አንድም ሳልስት አነበብኩ። እግሬ ዛሬም አንዳንዴ ይነዝረኛል፣ አልደብቅም።

መሀል ላይ ዐቢይ ጾም ገባ። ቤዳኩሊን ደግሞ ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው። የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው። «ብዪና ዋጪ፣ ከጾሙ ፈትቼሻለሁ» አሉኝ። ጠበሉንም አልከለከሉኝም። ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ይወሰዳሉ ብለው ነበር። አንዲት ዘመዴ ግን «መድኃኒቱን ካልተውሽ እምነት የለሽም» አለችኝ። እሷን ዝም አልኳት።

ከአክታዬ ባክቴሪያው ይበቅል እንደሆነ የሚያየው ምርመራ፣ ካልቸሩ፣ ደጋግሞ ኔጋቲቭ ሆነ። ሕክምናውን ጨረስኩ። ለኅዳር ሚካኤል ስለቴን፣ ጃንጥላ፣ ይዤ ሄድኩ። ምስክርነት ስሰጥ ሊኔዞሊድን በስሙ ጠራሁት። አንዳንዱ ሳቀ። እናቴ ብቻ እልልታዋን አቀለጠችው።